የተጣራ ትርፍ

የአስቆሮቱ ይሁዳ ሠላሳውን ብር ቤተ መቅደስ ውስጥ ወርውሮ ሲሄድ የካህናት አለቆች ገንዘቡን ለቅመው መከሩበት። የደም ዋጋ ነውና ከመባው ጋር እንዳይቀላቀል ሕጉ ይከለክላል ተባባሉ፤ በመጨረሻም የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዝተው የእንግዶች መቃብር አደረጉት። በማቴዎስ ወንጌል 27ኛ ምዕራፍ ያለውን ይህን ታሪክ አብዛኛው ሰው የሚያነበው የይሁዳን መጨረሻ ለማወቅ ነው። እኔን ይዞ የሚያስቀረኝ ግን የካህናቱ ስብሰባ ነው። ያንን ብር ቆጥረው የሰጡት እነሱው ናቸው። ሲወጣ ያልቆረቆራቸው ገንዘብ ሲመለስ ረከሰባቸው። ሕግ አልጣሱም፤ እንዲያውም አንዲት ነጥብ ሳያጎድሉ ፈጸሙት። ሣጥኑ ንጹሕ ሆኖ ቀረ፣ ዘመድ የሌለው እንግዳም መቀበሪያ አገኘ። ስቅለቱ ግን አልቀረም።

«ይህ ትርፍ ይገባኛል፣ ያኛው አይገባኝም» እያሉ ገንዘብን ማጥራት ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ሥነ ምግባራዊ ፈንድ፣ ማኅበራዊ ኃላፊነት ያለው መዋዕለ ንዋይ፣ ዘላቂ ኢንቨስትመንት እየተባለ ስሙ ይለዋወጣል እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፤ ቁጠባህ አንተ በምትጸየፈው ሥራ ላይ ውሎ አያትርፍልህ ነው ነገሩ። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል። እንዲህ የሚያጠራ ሰው የሚያጠራው ሣጥኑን ነው ወይስ ዓለሙን? (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በአሜሪካ መልክ የያዘው በቬትናም ጦርነት ዘመን ነው። ዳው ኬሚካል የተባለው ኩባንያ ከ1965 እስከ 1969 ድረስ ለአሜሪካ ጦር ናፓልም የተባለውን የሚያቃጥል መሣሪያ ያቀርብ ነበር፤ ያው ኩባንያ ለወጥ ቤት ምግብ መሸፈኛ ስስ ፕላስቲክም ይሠራ ነበር። ናፓልሙ ከሽያጩ ጥቂቱ ነበር፤ ስሙን ያጎደፈው ግን እሱ ነው። ቅዳሜ ሰልፍ ወጥቶ እሑድ ስለ ሰላም የሚጸልይ ሰው የጡረታ ገንዘቡ የዳው አክሲዮን ተገዝቶበት ሊያገኘው ይችላል፤ በሰው ልጆች ላይ የሚዘንበው እሳት እርጅናውን ይጦርለታል ማለት ነው። በ1971 ሉተር ታይሰንና ጃክ ኮርቤት የተባሉ ሁለት የሜቶዲስት አገልጋዮች ፓክስ ወርልድ የተሰኘውን ፈንድ ያቋቋሙት ከዚህ ጣጣ ለመውጣት ነበር። ከጦር መሣሪያ አናተርፍም አሉ። ከነሱ የቀደሙም አሉ፤ ኩዌከር የሚባሉት የፊላደልፊያ ክርስቲያኖች በ1758 ባሪያ የሚገዛና የሚሸጥ አባላቸውን ከማኅበራቸው ጉዳይ አግልለዋል፤ የሜቶዲስቶቹ አባት ጆን ዌስሊም ስለ ገንዘብ ባደረገው ስብከት ባልንጀራን ጎድቶ ማትረፍን ከልክሏል። ታይሰንና ኮርቤት ያመጡት አዲስ ነገር ክልከላውን ማንም ሰው በአነስተኛ ገንዘብ የሚሸምተው ነገር ማድረጋቸው ነው። ኅሊና በአክሲዮን ተሸነሸነ።

ፈንድ አሠራሩ ራሱ ኅሊናን የሚያስተኛ ነው። የብዙ ሺህ ሰው ገንዘብ ይጠራቀማል፤ ባለሙያው የመቶዎችን ኩባንያዎች አክሲዮን ይገዛበታል፤ ገንዘቡን ያስገባው ሰው የሚያየው የፈንዱን ስምና የዕለቱን ዋጋ ብቻ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ በነርስነት ወይም በፓርኪንግ ሥራ የሚተዳደር ወገናችን ፎር ኦ ዋን ኬ ለሚባለው የጡረታ ቁጠባ ከደመወዙ እየተቆረጠ ሲጠራቀምለት የሲጋራ ፋብሪካ፣ የሚሳይል ፋብሪካ፣ የግል እስር ቤት ሳይቀር ቅንጣት ታህል ባለቤት ሊሆን ይችላል፤ ማንም አልጠየቀው፣ እሱም ማንንም አልጠየቀ። እቁብን አስቡት። ዳኛው ይታወቃል፣ ጸሐፊው ይታወቃል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይነካም፤ አንዱ ቢከዳ ማን ቤት እንደሚኬድ ሁሉም ያውቃል። ፈንድ ዋስ የሌለው ማኅበር ነው። ከሥሩ ደግሞ የቆየ ሕግ አለ። እንግሊዝ በ1855 ባወጣችው ሕግ ባለአክሲዮን በኩባንያው ዕዳ ካዋጣው በላይ እንዳይጠየቅ ወሰነች፤ ዛሬ አዲስ አበባ በየታፔላው ግርጌ የምናነበው «ኃላፊነቱ የተወሰነ» የዚያ አስተሳሰብ የልጅ ልጅ ነው። ሕጉ ሊወስን የተነሣው የገንዘብ ዕዳን ነበር፤ የኅሊናውም ዕዳ አብሮት ተወስኖ ቀረ። ኩባንያው ወንዝ መርዞ ባለአክሲዮኑ «እኔ ምን አደረግሁ?» ቢል ሕጉም ልማዱም ከጎኑ ናቸው።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሪክ ፓርፊት በ1984 ባሳተመው «ሪዝንስ ኤንድ ፐርሰንስ» ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳ ምሳሌ አለው። ሺህ ገራፊዎችና ሺህ እስረኞች አሉ። ድሮ እያንዳንዱ ገራፊ አንድ እስረኛ ይዞ የሥቃይ ማሽኑን ሺህ ጊዜ ያዞርበት ነበር። ኋላ አሠራሩ ተሻሻለ፤ አንዱ ገራፊ አንድ ቁልፍ ሲጫን የሺውም እስረኞች ማሽን በአንዲት እርከን ብቻ ከፍ ይላል። አንዲቱ እርከን ለማንም አትሰማም። ሁሉም ተጭነው ሲጨርሱ ሥቃዩ የድሮው ነው፤ ገራፊዎቹ ግን እያንዳንዳቸው «እኔ ማንንም አላሳመምኩም» ብለው ይተኛሉ፤ ለየብቻ ሲታዩ አልዋሹም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንላለን። ይህን የምንለው ለመረዳዳት ነው፤ ሸክሙ በደል ሲሆንም ግን ያው ጌጥ ይሆናል፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ፓርፊት «የእኔ ድርጊት ለብቻው ምን አመጣ?» ብሎ ብቻ መጠየቅን ከስሕተት ይቆጥረዋል፤ ከሌሎች ጋር ሆኜ ምን አደረስን ብሎ መጠየቅም ይገባል። በዚህ እስማማለሁ። ባለአክሲዮን በደሉን በእጁ ባይሠራውም ባዕዱ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው እጁን ከቁልፉ ላንሣ ሲል ነው። አክሲዮን የሚሸጥ ሰው ገዢ ያስፈልገዋል። የሲጋራ ኩባንያ አክሲዮኔን ብሸጥ ኩባንያው አንዲት ሳንቲም አያጣም፤ እሱ ገንዘቡን የተቀበለው አክሲዮኑን መጀመሪያ ለገበያ ባወጣ ጊዜ ነው፤ አሁን የሚለወጠው መዝገቡ ላይ ያለው ስም ብቻ ነው። ብዙ ሰው ከሸጠ ዋጋው ይወርዳል ይባላል። ይውረድ፤ ያን ጊዜ ምንም የማይቆረቁረው ሰው ያንኑ የትርፍ ድርሻ በርካሽ ይገዛል። ሃሪሰን ሆንግና ማርሲን ካስፐርዚክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2009 ባወጡት ጥናት የአልኮል፣ የትምባሆና የቁማር ኩባንያዎች አክሲዮን ከአቻዎቹ የበለጠ ሲያተርፍ እንደቆየ አሳይተዋል። በ2002 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ እነዚህኑ የተናቁትን እየመረጠ የሚገዛ «ቫይስ ፈንድ» የሚባል ተቋቁሟል፤ የኃጢአት ፈንድ ማለት ነው። ቢያንስ ስሙን አልደበቀም።

እዚህ ላይ የደቡብ አፍሪካን ነገር የሚያነሣ ይኖራል። አፓርታይድ የወደቀው ዩኒቨርሲቲዎችና ከተሞች እዚያ የሚሠሩ ኩባንያዎችን አክሲዮን ስለሸጡ አይደለም ወይ? ቲዎ፣ ዌልችና ወዛን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሰዎች በ1999 ባወጡት ጥናት ዘመቻው በኩባንያዎቹ የአክሲዮን ዋጋ ላይ የጎላ ጉዳት እንዳላደረሰ ጽፈዋል። የፕሪቶሪያን መንግሥት ያንገዳገደው የገንዘብ ምት የመጣው ከሌላ ወገን ነው። በ1985 ጁላይ መጨረሻ ቼዝ ማንሃታን ባንክ ለደቡብ አፍሪካ የሰጠውን የአጭር ጊዜ ብድር አላድስም አለ፤ ሌሎች ባንኮች ተከተሉት፤ የአገሪቱ ገንዘብ ራንድ ተንኮታኮተ፤ መንግሥቱም የውጭ ዕዳውን መክፈል አቆመ። ባንኩ ይህን ያደረገው ለፍትሕ ብሎ አልነበረም፤ አገሪቱ አስጊ ተበዳሪ ሆናበት ነው። ታዲያ አስጊ ያደረጋት ማን ነው? በመጀመሪያ በየጥቁሮቹ ሰፈር እየተነሡ ጥይት የተቀበሉት ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በየባንኩ በር ሰልፍ የወጡት፣ ከፕሪቶሪያ ጋር ከሚነግድ ጋር አንነግድም ያሉት የከተማ ምክር ቤቶች አሉበት። አክሲዮን መሸጡ በሒሳብ ምንም ሳይሆን በጩኸቱ ብዙ ሆነ። ኅሊና ገበያው ውስጥ በራሱ ስም አልገባም፤ ስጋት መስሎ ገባ።

ድል ነበር፤ ግን መዘዝ አመጣ። ገበያ በደል ሲነገረው አይሰማም፣ ስጋት ሲሉት ግን ይነቃል፤ ስለዚህ በደልን ሁሉ ስጋት አስመስሎ ማቅረብ ተለመደ። ኢ.ኤስ.ጂ. የሚባለው የአካባቢ፣ የማኅበረሰብና የአስተዳደር ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚመዝነው ኩባንያው በዓለም ላይ የሚያደርሰውን ሳይሆን ዓለም በኩባንያው ትርፍ ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ነው። ወንዝ የመረዘ ፋብሪካ የሚቀነስበት ስለመረዘ አይደለም፤ ሊከሰስ ስለሚችል ነው። ከሳሽ በሌለበት አገር ከመረዘማ ምን ተዳው! በሜይ 2022 የአክሲዮን ገበያ መለኪያ አውጪው ኤስ ኤንድ ፒ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሠራውን ቴስላን ከኢ.ኤስ.ጂ. ዝርዝሩ ሲያስወጣ ነዳጅ አውጪው ኤክሶን ሞቢል ዝርዝሩ ውስጥ ነበር። ለቴስላ አላዝንም፤ በፋብሪካው ተፈጸመ የተባለው የዘር አድልዎ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበርና። የሚገርመኝ ጥቁር ሠራተኛን መስደብና አየርን ማቃጠል አንድ ላይ ተደምረው፣ ተካፍለው፣ አንዲት ቁጥር ሆነው መውጣታቸው ነው። በ2023 ደግሞ ዲ.ደብሊው.ኤስ. የተባለው የዶይቸ ባንክ የሀብት አስተዳዳሪ በዚህ ሚዛን እሠራለሁ እንዳለው ባለመሥራቱ ለአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ተቆጣጣሪ 19 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊከፍል ተስማማ። ኅሊና ዋጋ ካወጣ አስመሳዩም ገበያ መውጣቱ አይቀርም።

የክልከላ ዝርዝሮችን ጎን ለጎን ማንበብ እወዳለሁ፤ ስለ ገበያው ከሚነግሩን ይልቅ ስለ ዘርዛሪው የሚነግሩን ይበዛል። የድሮዎቹ የፕሮቴስታንት ዝርዝሮች መጠጥና ቁማርን ይጠላሉ። ኖርዌዮች ከ2010 ጀምሮ ትምባሆን ከመንግሥታቸው ፈንድ አስወጥተዋል፣ ቢራ ግን አያስጨንቃቸውም። በአሜሪካ ከ1986 ጀምሮ እንዳለው አማና ያሉ የእስልምና ፈንዶች በወለድ የሚነግደውን ባንክ በሙሉ ይዘሉታል። እኛ አገር ቢዘረዘርስ? መጠጥ ይውጣ ብንል መጀመሪያ የሚወጣው በሰማዕቱ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የሚጠራው አንጋፋ ቢራ ነው፤ ማን ደፍሮ!

ከዝርዝሮቹ ሁሉ ያስተማረኝ የእስልምናው ነው። ፈጽሞ ንጹሕ ኩባንያ ቢፈለግ እንደማይገኝ ያውቃል። ስለዚህ በተለመዱት መስፈርቶች ካልተፈቀደ ምንጭ የሚያገኘው ገቢ ከመቶ አምስት የማይበልጥን ኩባንያ ይታገሠዋል፤ ባለአክሲዮኑ ግን የዚያን ድርሻ አስልቶ ለድኻ ማውጣት አለበት። ሲያወጣም እንደ ምጽዋት አይቆጠርለትም፣ ምንዳ አይጠብቅበትም፤ ድሮም የሱ ገንዘብ አልነበረማ። ካህናቱም ለመቃብር መሬት ገዝተው ነበር። እዚህ ግን ሰውየው የሚጀምረው እጄ አለበት ብሎ ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በእኛም ቤት ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ ጳጳስ ከግፈኛ መባ እንዳይቀበል ያዛል፤ በዚያ ገንዘብ መበለቶችን ከመመገብ በረሃብ መሞት ይሻላል እስከማለት ይደርሳል። ይህ ትእዛዝ ተረስቶ ይሁን ተፈርቶ እንጃ፣ ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የተሰጠ ሚሊዮን ብር በድምፅ ማጉያ ሲነገር እልልታ ሰምቻለሁ እንጂ «ከየት መጣ?» የሚል አልሰማሁም።

የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በእኛው አቆጣጠር በጥር 2017 ዓ.ም. ሲከፈት የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ባንክ ነበር፤ ወጋገን። የባንክ አክሲዮን መያዝ እኛ ዘንድ የቆየ ኩራት ነው፤ በጠቅላላ ጉባኤ የሚነሣውም ጥያቄ ይታወቃል፤ የትርፍ ድርሻው ስንት ደረሰ፣ ለምን ቀነሰ። ባንኩ ለማን አበደረ፣ ተበዳሪውስ በገንዘቡ የማንን ማሳ አጠረ የሚል ጥያቄ ቢነሣ ሰብሳቢው አጀንዳው ውስጥ የለም የሚል ይመስለኛል። ገንዘቤ ምን እየሠራ አደረ ብለው አጥብቀው የጠየቁ ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው፤ ብዙ ዓመት ጠይቀው ዘምዘም ባንክ በ2021 ያለ ወለድ ሥራ ጀመረ። የቀረነው ጥያቄውን ለነሱ ትተን ትርፋችንን እንቆጥራለን።

ኖርዌይን በጨረፍታ አንሥቻት አለፍኩ፤ የነሱ ነገር ግን ያስቃልም ያስቀናልም። ፈንዱ ከባሕር ሥር ከሚቀዳ ነዳጅ የተጠራቀመ ነው፤ የመጀመሪያው ገንዘብ በ1996 ገባ። በ2004 የሥነ ምግባር ደንብ ወጣለት፤ ከ2016 ጀምሮ በድንጋይ ከሰል ላይ የቆሙ ኩባንያዎችን ያስወጣል። በነዳጅ የተገዛ ንጽሕና ከሰልን ተጸየፈ። ግብዝነት ነው የሚላቸው ብዙ ነው፤ አይፈረድበትም። እኔ የማከብርላቸው ሌላ ነገር ነው። አንድን ኩባንያ ሲያስወጡ በስሙ ጠርተው ምክንያቱን ጽፈው ያወጣሉ። በ2006 ዋልማርትን በሠራተኛ አያያዝ ሲያስወጡም በ2019 ሲመልሱትም ለምን እንደሆነ ማንም ማንበብ ይችል ነበር። ዋስ አይሆኑም፤ ስም ግን ይጠራሉ።

ከሁሉ በላይ የማስበው ሰው ሊዮን ሱሊቫን ነው። የፊላደልፊያ ባፕቲስት ሰባኪ ነበር፤ በ1971 ጄኔራል ሞተርስ በቦርዱ ያስቀመጠው የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ወንበሩን የሰጡት ለጌጥ ይሁን ለሥራ ለመለየት ጊዜ አልወሰደም። በዚያው ዓመት የኤፒስኮፓል ቤተ ክርስቲያን በያዘችው ጥቂት አክሲዮን መብት ተጠቅማ ኩባንያው ከደቡብ አፍሪካ ይውጣ የሚል ሐሳብ ለባለአክሲዮኖች ጉባኤ አቀረበች። ሱሊቫን ተነሥቶ በገዛ ቦርዱ ላይ ተናገረ። ሐሳቡ ያገኘው ድምፅ ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞላም።

ተሸንፎ ግን አልወጣም። በ1977 በስሙ የሚጠሩትን መርሖች አወጣ፤ በደቡብ አፍሪካ የሚሠሩ የአሜሪካ ኩባንያዎች ለእኩል ሥራ እኩል ይክፈሉ፣ የመመገቢያና የመጸዳጃ ክፍል በዘር አይለዩ፣ ጥቁሮችን አሠልጥነው ይሹሙ የሚሉ ናቸው። ብዙ ኩባንያ ፈረመ። ሰንሰለቱን ጨርቅ ጠመጠምክበት እንጂ አልበጠስከውም ያሉት ብዙ ናቸው፤ ዴዝሞንድ ቱቱን የመሰሉ የአገሩ ልጆች ከዚያ የጠነከረ ግፊት ይጠይቁ ነበር። በ1985 ሱሊቫን ቀነ ገደብ አስቀመጠ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አፓርታይድ ካልፈረሰ ሁሉም ይውጣ አለ። በ1987 አፓርታይድ እንዳለ ነበር፣ ማንዴላም እስር ቤት። ሱሊቫን ቃሉን ጠበቀ፤ መርሖቹን የሠራው ሰው ራሱ በቃኝ ብሎ ኩባንያዎቹ ጓዛቸውን እንዲጠቀልሉ ጠየቀ። አሥር ዓመት በከንቱ ደከመ የሚሉት አሉ። እኔ አይመስለኝም። ሲቀመጥም ሲነሣም ስሙ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ፤ ተሳስቶ ከሆነም የሚጠየቅ ሰው አለ። በየፈንዱ የተበተነው ባለቤትነት ያጣው ይህንን ነው፤ ንጹሕ ከመሆን ይልቅ የሚጠየቅ መሆን ይከብዳል።

ጄኔራል ሞተርስ የሱሊቫንን ቀነ ገደብ አልጠበቀም። በኦክቶበር 1986 ከደቡብ አፍሪካ እንደሚወጣ አስታወቀ፤ ኪሳራውም በዝቶበት ነበር። ፋብሪካውን ለአገሩ ሥራ አስኪያጆች ሸጠላቸው፤ ዴልታ ተብሎ ስሙ ተቀየረ፤ መኪኖቹ በዚያው ሕንፃ፣ በዚያው ማሽን መሠራታቸውን ቀጠሉ፤ አፓርታይድ ካለፈ በኋላ በ2004 ጄኔራል ሞተርስ ተመልሶ ጠቅልሎ ገዛው። በአሜሪካ ፈንዶች መዝገብ ላይ ግን በ1986 አንድ ስም ጸድቷል። ፖርት ኤልዛቤት በነበረው ፋብሪካ ያሉት ሠራተኞች ዜናውን የሰሙት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። አድማ መቱ። ይውጣ አይውጣ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም፤ እነሱ የጠየቁት የስንብት ክፍያና በአዲሱ ኩባንያ ቦርድ ውስጥ የሠራተኛ ወኪል እንዲቀመጥ ነበር። ፖሊስ ተጠራ፤ ብዙዎቹ ተባረሩ። ወንበሩም አልተሰጣቸውም።